ማዲያት እድፍ አይደለም፦ በዕለት ጉዞ ቆዳን ከተበከለ አየር ስለ መጠበቅ

በሻርጃ ሮላ አካባቢ ገና ጎሕ ሳይቀድ የአውቶቡስ ሰልፍ ይጀምራል። በሻርጃና በአጅማን አድረው ዱባይ የሚውሉ ሠራተኞች የኢቲሓድን ጎዳና ወይም የሼኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድን ጎዳና ይዘው ይሄዳሉ፤ አመሻሽ ላይ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት ጉዞው በደርሶ መልስ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከዚህ ጊዜ ጥቂት የማይባለው የሚያልፈው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን ጎዳና ዳር ቆሞ በመጠበቅ፣ ከማቆሚያው እስከ ሥራ ቦታ በእግር በመሄድ፣ ወይም በሞተር ብስክሌት በመኪኖች መካከል በማለፍ ነው። በእነዚህ መንገዶች ከሚመላለሱት መካከል በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በሆቴል፣ በሱቅና ዕቃ በማድረስ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ።

ማታ ቤት ገብቶ ፊቱን በነጭ ሶፍት የጠረገ ሰው ሶፍቱ ላይ ግራጫ እድፍ ያያል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ደግሞ በመስታወት ሲመለከት ጉንጩና ግንባሩ ከቀድሞው ጠቁሮ፣ በየቦታው ማዲያት ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበት ያገኘዋል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ያደርጓቸዋል፤ ጥቁረቱም እንደ እድፉ ታጥቦ የሚለቅ ይመስላቸዋል። ከዚያ በኋላ ጠንካራ ሳሙና፣ ሻካራ ፎጣ፣ ሎሚ፣ በመጨረሻም «ያነጣል» የተባለ ቅባት ይከተላል። ብናኙን ለማስለቀቅ የተደረገው ነገር ብናኙ ራሱ ካደረሰው የከፋ ጉዳት የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስለ ጥበቃው ከመናገር በፊት ጥቁረቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል።

በመንገድ ላይ ያለው አየር

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር ውስጥ የተለያየ ምንጭ ያላቸው ብናኞች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንዱ የበረሃው አቧራ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰውና በዐረብኛ «ሸማል» የሚባለው ነፋስ፣ በተለይ በሙቀቱ ወራት፣ ከኢራቅና ከዐረቢያ በረሃዎች አቧራ እየጠረገ ያመጣል። ይህ አቧራ በአብዛኛው የማዕድን ዱቄት ነው፤ ሲበዛ ሰማዩን ያደበዝዛል፣ ጥርስ መካከል ይንቋቋል፣ ውኃ ሲነካው ግን ሳያስቸግር ይወርዳል።

ሌላው ከመኪና ጭስ ማውጫ፣ ከጎማና ከፍሬን መፋተግ፣ ከፋብሪካ፣ ከጄኔሬተርና ከመርከብ የሚወጣው ነው። ከዚህኛው እጅግ ደቃቅ የሆነው፣ ወርዱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፣ ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ስለሚያንስ ለብቻው በዐይን አይታይም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የዚህ ደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀን አማካዩ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል። የተፈጥሮ አቧራ በሚበዛበት የበረሃ አገር ይህን ልክ ማሟላት እጅግ ከባድ ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የገጠር ማድ ቤትን ማስታወስ ይበቃል። መሬቱ ላይ ያረፈው አቧራ በመጥረጊያ ይጠረጋል፤ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የተጣበቀው ጥላሸት ግን በደረቅ ጨርቅ ቢፈትጉት ይበልጥ ይሰፋል እንጂ አይለቅም። የመኪናው ጥላሸትም የዚሁ ዘመድ ነው። ነዳጅ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠሩ፣ በቅባት ውስጥ የሚሟሙ ኬሚካሎችን ተሸክሞ ይዞራል። ፊት ደግሞ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ወዝ የሚበዛበት ስፍራ ነው።

ሦስተኛው ጭራሽ የማይታየው ጋዝ ነው። ከመኪናና ከፋብሪካ የሚወጡ ጋዞች ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኛቸው በመሬት አጠገብ ኦዞን ይፈጠራል። በሰማይ ከፍታ ላይ ያለው ኦዞን ምድርን ከጎጂ ጨረር የሚጋርድ ነው፤ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ሲገኝ ግን ሳንባንም ቆዳንም ይጎዳል። መጠኑ ከፍ የሚለው ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከቀትር እስከ ማምሻው ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ሁሉ አየሩም የጠራበት ቀን ነው ማለት አይቻልም።

ብናኙ ቆዳ ላይ ሲያርፍ

የአንድ ዐዋቂ ሰው ቆዳ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ካሬ ይሰፋል። የላይኛው ስስ ሽፋኑ የተሠራው በግንብ አምሳል ነው፦ የሞቱ ሕዋሳት እንደ ጡብ ይደረደራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ እንደ ስሚንቶ ያያይዛቸዋል። ይህ ግንብ ጤነኛ ሲሆን የውስጡን ውኃ ወደ ውጭ አያስወጣም፤ የውጩንም ባዕድ ነገር በቀላሉ አያስገባም። ኦዞን ወደ ውስጥ ዘልቆ ሳይገባ በላይኛው ስብ ላይ ይሠራል፤ ስቡን ያበላሻል፣ ለቆዳ መከላከያ የሆነውን ቫይታሚን ኢ ያሟጥጣል። በጥላሸት ላይ ተጣብቀው የመጡት ኬሚካሎች ደግሞ በፊት ወዝ ውስጥ እየሟሙ ወደ ሕዋሳቱ ይደርሳሉ፤ በዚያም የቆዳ መቆጣትን የሚቀሰቅሱ፣ ቀለም የሚያመነጩትንም ሕዋሳት የሚያነሣሡ ምልክቶችን ያስነሣሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው እንደ ሰው ቆዳ ይለያያል። በአንዱ ላይ ድርቀትና ማሳከክ ይታያል፤ በሌላው ብጉር ይበዛል፤ ቀድሞ ችፌ የነበረበት ሰው ሕመሙ ይነሣበታል። ጠየምና ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ማንኛውም መቆጣት ሲያልፍ ጥቁር ምልክት ትቶ የማለፍ ዝንባሌ አለው። ይህ ምልክት ሜላኒን የተባለው የቆዳው የራሱ ቀለም ነው። የተሠራው በውስጥ ነው፤ የተቀመጠውም በውስጥ ነው። ሶፍት ላይ የሚታየው ግራጫ ነገር እድፍ ሲሆን ጉንጭ ላይ የቀረው ጥቁረት ግን እድፍ አይደለም፤ በሳሙናም በመፈተግም አይለቅም። እንዲያውም መፈተግ ራሱ ቆዳን ስለሚያስቆጣ ቀለሙን ይጨምረዋል።

የመንገድ ብናኝና የቆዳ ጥቁር ነጠብጣብ ግንኙነት እንዳላቸው ካመለከቱት ጥናቶች በብዛት የሚጠቀሰው በጀርመን የተካሄደው ነው። በ2010 የታተመው ይህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 80 ዓመት የሆነ 400 ሴቶችን ተመልክቶ፣ ከትራፊክ የሚመጣ ጥላሸትና ብናኝ ከፍ ባለ መጠን በግንባርና በጉንጭ ላይ የሚታየው ነጠብጣብ በ20 በመቶ ያህል ጨምሮ እንደሚገኝ አሳይቷል። በጥናቱ የተካተቱት ነጭ ሴቶች ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለኢትዮጵያውያን ማዋል አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ፀሐይ ከዚህ ታሪክ ተነጥላ አትታይም። ከነዳጅ ቃጠሎ የሚመጡት ኬሚካሎች የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው ጉዳታቸው ይበረታል፤ የባሕረ ሰላጤው ፀሐይ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይጎዳም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በጥናት እንደተለካው ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው የሚሰጠው መከላከያ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ቁጥር 13 ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሐኪሞች የሚመክሩት ግን ቢያንስ 30 ነው። ከዚህም ሌላ ቆዳን ከሚያጠቁሩት ጨረሮች ዋነኛው ተራ መስታወትን አልፎ ይገባል። በአውቶቡስ መስኮት በኩል በአንድ ወገን ዘወትር የሚቀመጥ ሰው አንዱ ጉንጩ ከሌላው ጠቁሮ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም፤ ከመኪና የማይወርዱ ሾፌሮችም ይህን ያውቁታል።

ጠዋት፣ ከመውጣት በፊት

ጠዋት ፊትን በሳሙና ማሸት ለአብዛኛው ሰው አስፈላጊ አይደለም። ሌሊቱን ቤት ውስጥ ያደረ ፊት ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል፤ ቆዳው የገነባውን ስብ ይዞ ቢወጣ ለመንገዱ የተሻለ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ስስ ማለስለሻ፣ በላዩም የፀሐይ መከላከያ ይቀባል። መከላከያው የሚቀባው በነጠብጣብ አይደለም፤ በሁለት ጣቶች ርዝመት ልክ የወጣ ቅባት ለፊትና ለአንገት የሚበቃው መጠን ነው። ውጭ የሚሠራ ሰው በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ካጠበውም ከዚያ ፈጥኖ መድገም ይኖርበታል። ነጭ ሆኖ ፊት ላይ መቅረቱ ብዙ ጥቁር ሰዎችን ከመከላከያው ያርቃቸዋል። ለዚህ መፍትሔው የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበትን ዐይነት መምረጥ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ስለሚያግድ ማዲያት ላለበት ሰው ከተራው ይሻላል።

ቫዝሊን ርካሽና ታማኝ ነው፤ ውኃ ከቆዳ እንዳይተን በማገድ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ነገር ግን ጠዋት ፊትን በወፍራሙ ቀብቶ ወደ አቧራ መውጣት ብናኝን እንደ ማጣበቂያ መሰብሰብ ይሆናል። ቦታው ማታ፣ ከታጠቡ በኋላ ነው።

በፋርማሲ፣ ማለትም በ«ሰይደሊያ»፣ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የሚቸገር ሰው ጥቂት የዐረብኛ ቃላት ቢይዝ ይጠቀማል። የፀሐይ መከላከያ «ዋቂ ሸምስ» ይባላል። ማለስለሻው «ሙረጢብ»፣ የፊት መታጠቢያው «ገሱል» ነው። «ቢዱን ዒጥር» ማለት ሽቶ የሌለበት ማለት ሲሆን ቆዳው ለሚቆጣ ሰው ከሁሉ በፊት ሊፈለግ የሚገባው ቃል ይህ ነው። «በሸራ ሐሳሳ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ለስስና በቀላሉ ለሚቆጣ ቆዳ የተዘጋጀ መሆኑን ያመለክታል። በአንጻሩ «ከአየር ብክለት ይከላከላል» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ቅባት ሲያጋጥም ቆም ማለት ደግ ነው። የፀሐይ መከላከያ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣለት መለኪያ የሚገኝ ነው፤ የብክለት መከላከያ ለሚባለው ግን እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ የለም። ቫይታሚን ሲ ያለባቸው ቅባቶች የተወሰነ ጥቅም ሊሰጡ ይችላሉ፤ የወር ደመወዙን እየቆጠረ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ግን እነሱን ባለመግዛቱ የሚያጣው ብዙ አይደለም።

መንገድ ላይ

ከሁሉ ርካሹ ጥበቃ ርቀት ነው። የመኪና ጭስ ክምችት እጅግ የሚበዛው በጎዳናው ጠርዝ ላይ ሲሆን ከዚያ እየራቁ በሄዱ ቁጥር ይቀንሳል፤ በጥቂት መቶ ሜትሮች ርቀት ላይ ከአካባቢው ተራ አየር ብዙም አይለይም። አውቶቡስ ለመጠበቅ ይህን ያህል መራቅ አይቻልም። ሞተሩን ሳያጠፋ ከቆመ ከባድ መኪና ጭስ ማውጫ ኋላ አለመቆም፣ ዐሥር እርምጃ ወደ ሕንፃው መጠጋት፣ የተዘጋ መጠበቂያ ካለ ወደዚያ መግባት ግን ይቻላል። በዱባይ በበርካታ ማቆሚያዎች የአየር ማቀዝቀዣ ያላቸው መጠበቂያዎች አሉ። ዕቃ ለሚያደርሱ የሞተር ብስክሌት ነጂዎችም የአየር ማቀዝቀዣ ያላቸው ማረፊያዎች ተሠርተውላቸዋል፤ ነጂዎቹ በሁለት ትእዛዞች መካከል ያለውን ጊዜ መንገድ ዳር ከማሳለፍ በዚያ ቢያሳልፉት ሳንባቸውም ቆዳቸውም ያርፋል። ከሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ጀምሮ የሚሠራው የዱባይ ሜትሮ የሚደርስበት ሰው ደግሞ የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል ከመኪና ጭስ ተለይቶ ይጓዛል።

በመኪና የሚጓዙ ሰዎች በተጨናነቀ ጎዳና ላይ መስኮት ዘግተው፣ የውጩን አየር ከማስገባት ይልቅ የውስጡን መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ቢጠቀሙ የሚደርስባቸው ጭስ ይቀንሳል። ረጅም መንገድ ሲሆን እንቅልፍ እንዳይጫን በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት የውጭ አየር ማስገባት ተገቢ ነው።

ሻርፕ፣ ሸይላ ወይም ሰፊ ጥላ ያለው ኮፍያ ከቅባት ሁሉ ቀድሞ የሚገኝ ጥበቃ ነው። እናቶች በአቧራ ቀን በነጠላ ፊታቸውን የሚሸፍኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ግን ፊት ላይ የሚውል ጨርቅ በየቀኑ መታጠብ አለበት፤ የትናንቱን ብናኝ ይዞ ዛሬ ጉንጭ ላይ የሚፈተግ ጨርቅ ጥበቃ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ምንጭ ይሆናል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም በላብ ሲርስ ሊቀየር ይገባዋል።

መንገድ ላይ ላብ ሲወርድ በደረቅ ሶፍት ወዲያና ወዲህ መፈተግ ልማድ ነው። በአሸዋ ቀን ይህ ፊትን በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት ብዙ አይለይም። ሶፍቱን ጫን አድርጎ ላቡን መምጠጥ ይበቃል።

የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ማዕከል አቧራና ዝቅተኛ የእይታ ርቀት ሲጠበቅ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በእንዲህ ያለው ቀን ቀደም ብሎ መውጣት ወይም ወደ ውጭ የሚያስኬዱ የግል ጉዳዮችን ለሌላ ቀን ማዘዋወር ይቻላል። በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም በአገሩ ሰዓት ከ12፡30 እስከ 3፡00፣ በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራትን የሚከለክለው ደንብ የወጣው ሠራተኛን ከሙቀት ለመጠበቅ ነው፤ ፀሐይም ኦዞንም በሚበረቱበት ሰዓት ቆዳን ማሳረፉ ተጨማሪ በረከቱ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2022 ይፋ ያደረጉት እስከ 2031 የሚዘልቅ ብሔራዊ የአየር ጥራት አጀንዳም የብናኙን ምንጭ ራሱን ለመቀነስ ያለመ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ከመላው ቀን እጅግ የሚጠቅመው ሥራ የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሆኖም በድካም ምክንያት የሚታለፈውም ይኸው ነው። በፊት ወዝ ውስጥ የሟሟ ጥላሸት ሌሊቱን ሙሉ ትራስ ላይ ከሚያድር ሰውየው በገባበት ሰዓት ቢወርድ ይሻላል። በቅድሚያ እጅ ይታጠባል። ከዚያ ፊት ላይ ምንም ሳይቀባ ውኃ ብቻ ይፈስስበታል፤ አሸዋው ሳይወርድ ሳሙና አድርጎ ማሸት አሸዋውን ቆዳ ላይ ማንከባለል ነውና። ቀጥሎ ለስላሳ የፊት መታጠቢያ በጣቶች ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በቀስታ ይዳሰሳል፤ ይታጠባል፤ በንጹሕ ፎጣ ሳይፈተግ ይደርቃል።

የመታጠቢያው ዐይነት ለውጥ ያመጣል። ጤናማ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ልኬቱ ወደ 5 ይጠጋል። ተራ ደረቅ ሳሙና ግን 9 ወይም 10 ይደርሳል። የልብስና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ደግሞ ለፊት ፈጽሞ የተሠራ አይደለም፤ በጽዳት ሥራ ላይ የዋለ ሰው እጁ ላይ ያለውን አረፋ ፊቱ ላይ ማዋል የለበትም። ቆዳ ከታጠበ በኋላ «ጭው» ካለና ከተወጠረ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም፤ ስሚንቶው ስለ ተጠረገ ነው። ሻካራ «ሊፋ»ም ለፊት አይሆንም።

የውኃው ሙቀት በዚህ አገር የራሱ ችግር አለው። በሙቀቱ ወራት ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ቀኑን ሙሉ ስለሚግል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ያቃጥላል፤ ሙቅ ውኃ ደግሞ የቆዳን ስብ ይገፍፋል። ነባር ነዋሪዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ፦ ቤት ውስጥ ያለውን የውኃ ማሞቂያ አጥፍቶ ከሙቁ ቧንቧ መታጠብ። ማሞቂያው ውስጥ የቆየው ውኃ የቤቱን ቅዝቃዜ ስለሚይዝ ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ሆኖ ይወርዳል። ብዙ ሰዎች አብረው በሚኖሩበት ቤት ይህ ውኃ ቶሎ ስለሚያልቅ ጠዋት ባልዲ ሞልቶ ጥላ ውስጥ ማኖር ሁለተኛው መንገድ ነው።

ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ማለስለሻ መቀባት ይገባል። ሌሊቱን የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ አየሩን ስለሚያደርቅ ቀን የሳሳው ግንብ ማታ ይበልጥ ይደርቃል። የትራስ ልብስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአቧራ ወራት ደግሞ ከዚያ አዘውትሮ ቢቀየር፣ የእጅ ስልክ መስታወትም ቢጠረግ ከጉንጭ ጋር የሚነካካው ነገር ሁሉ ይጸዳል። በቤት ሠራተኝነት አሠሪ ቤት የሚኖሩ እኅቶች በየቀኑ ሩቅ መንገድ ባይሄዱም ከአሸዋ ነፋስ በኋላ በረንዳ የሚያጸዱት እነሱ ናቸው፤ በደረቅ መጥረጊያ ከማስነሣት ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢያነሡት ብናኙ ወደ ፊታቸው አይመለስም።

ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ሲባል

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ከቆዳ አልፎ ይሄዳል። ማዲያት የወጣበት ሰው በመጀመሪያ የሚሰማው ምክር ሎሚ ነው። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ሲድንም ከቀድሞው የባሰ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ከጓደኛ እጅ ወይም ከስልክ ላይ ማስታወቂያ የሚገኝ፣ «ተብዪድ» ወይም «ተፍቲሕ» የሚል የተጻፈበት፣ ማንጻትን ቃል የሚገባ ቅባት ነው።

ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ ይገኝባቸዋል፤ በዐረብኛ «ዚእበቅ» ይባላል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ከሆነች ወደ ፅንሱ ይተላለፋል፤ በፎጣና በመኝታ ልብስም አብረው ለሚኖሩት ሊተርፍ ይችላል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበትን የመዋቢያ ቅባት በሙሉ እስከ 2025 እንዲያስቀሩ በ2023 ተወስኗል፤ ይሁንና ሕግ የማያውቀው ንግድ አሁንም ይሸጠዋል። በማሸጊያው ላይ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር የሌለበት፣ «ካሎሜል» የሚል ቃል ያለበት፣ ወይም ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ቅባት ካጋጠመ መተው ነው። ጌጡን የሚያበላሸው ሜርኩሪው ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፣ የተቀላቀለባቸው ናቸው። በመጀመሪያው ወር ፊት ያበራል፤ ሰው ሁሉ ያደንቃል። እየቆየ ቆዳው እየሳሳ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፤ ብጉር ይወጣል፤ ቅባቱ ሲቋረጥ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰውየው መልሶ ይቀባል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በሐኪም እጅ ለተወሰነ ጊዜ ሲታዘዝ የታወቀ የማዲያት መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ቆዳውን ሰማያዊ መሰል ጥቁር ሊያደርገውና እንዲያ ያለው ጥቁረት ለሕክምናም አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ቅባቶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ የቆዳውን ግንብ ያሳሳሉ። የሳሳ ግንብ ያለው ሰው በማግሥቱ ወደዚያው ጎዳና፣ ወደዚያው ጭስና ፀሐይ ይወጣል፤ ጥቁረቱም ይመለሳል።

ጥቁረቱ በራሱ ጊዜ የሚሄደው በዝግታ ነው። የላይኛው ቆዳ ለመታደስ አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ ቀለም ደግሞ ወራት ይጠይቃል። በየጠዋቱ በመስታወት የሚመዝነው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታና በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶግራፍ ማንሣት ለውጡን በትክክል ያሳያል።

ሐኪም ዘንድ መሄድ

ችፌው እርጥብ ሆኖ ውኃ የሚያወጣ፣ ማሳከኩ እንቅልፍ የሚከለክል፣ ወይም ነጠብጣቡ ቅርጹና ቀለሙ የሚለዋወጥና የሚደማ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም። ፊት ላይ ለወራት የቆየ ማዲያትም በሐኪም ቢታይ ይመረጣል፤ እርግዝናና የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ከፀሐይና ከአየር ሌላ የታወቁ መንሥኤዎቹ ስለሆኑ ሐኪሙ ስለ እነዚህ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ሠራተኞች በወጪው ፈርተው ይቀራሉ። በአቡ ዳቢና በዱባይ የጤና መድን ቀድሞም ግዴታ ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በሻርጃ፣ በአጅማንና በቀሩት ሰሜናዊ ኤምሬቶች የግል ድርጅት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲወጣ ወይም ሲታደስ መድን እንዲኖራቸው ተደንግጓል። የመድን ካርዱ መጀመሪያ ወደ ጠቅላላ ሐኪም የሚልክ ከሆነ እሱ ወደ ቆዳ ክፍል ይጽፋል፤ ክፍሉ በዐረብኛ «ጂልዲያ» ይባላል።

በቀጠሮው ቀን ፊትን ሳይቀቡ መሄድ፣ እስካሁን የተቀቡትን ሁሉ ከነማሸጊያው በከረጢት ይዞ መቅረብ ይጠቅማል። ስሙ የማይነበበው፣ ከአገር ቤት የመጣው፣ ከጓደኛ የተቀነሰውና መለያው የተላጠው ቅባት ሳይቀር መያዝ አለበት። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው እነዚህን ማየት ነው።